ጦርነት ሸሽቶ የጦርነት ጌም መጫወት

በምሥራቅ ሱዳኗ ገዳሪፍ ሰሊጥ ታጭዶ የቀን ሠራተኛው ሒሳቡን የሚቀበልበት ሰሞን ነው። ከእህል ገበያው ጀርባ፣ ኩንታል የሚጭኑ መኪኖች በሚቆሙበት መንገድ ዳር፣ በመዝጊያ ፈንታ መጋረጃ የተሰቀለበት ባለቆርቆሮ ክፍል አለ። መጋረጃው ሲገለጥ ሙቀትና ጩኸት አብረው ይወጣሉ። ውስጡ ሁለት አግዳሚ ወንበርና አንድ ያረጀ ቴሌቪዥን አለ፤ ከቴሌቪዥኑ ሥር የተቀመጠው ጥቁር ፕሌይስቴሽን 2 እንዳይግል ትንሽ ማራገቢያ ዞሮበታል። የጆይስቲኩ ገመድ ሁለት ቦታ ላይ በፕላስተር ተጠቅልሏል። የአውራ ጣት ማረፊያው ጎማ አልቆ ነጩ ፕላስቲክ ወጥቷል።

ጆይስቲኩን የያዘው ሃያ ዓመት የሚሆነው ልጅ ከጎንደር ገጠር ለአጨዳ የመጣ ነው። አጠገቡ ያለው ሱዳናዊ ደግሞ ከዋድ መደኒ ከነቤተሰቡ ተፈናቅሎ እዚህ ደርሷል። ጌሙ ጎድ ኦፍ ዎር 2 ነው። ክሬቶስ የሚባለው ተዋጊ ነፍስ ከዘራው የሮድስ የነሐስ ሐውልት ጋር ተያይዟል። የቤቱ ደንብ አጭር ነው፤ የሞተ ያቀብላል።

ሐውልቱ እጁን ሲያነሳ ስክሪኑ ላይ ድንገት ምልክት ብልጭ ይላል። ሱዳናዊው «ሙሰለስ! ሙሰለስ!» ብሎ ይጮኻል። የጎንደሩ ልጅ አረብኛው ገና ብዙም አልያዘለትም፤ ሦስት ማዕዘኑን የሚጫነው ግን ቃሉ ሳያልቅ ነው። ቀጥሎ ክብ፣ ቀጥሎ ካሬ፣ እንደገና ክብ። አንዷን ቢስት ሐውልቱ ይደቁሰዋል። አልሳተም። አግዳሚው ላይ ያለው ሁሉ አብሮ ይጮኻል፤ ሱዳናዊው «ያ ዞል!» እያለ ትከሻውን ይመታዋል።

በራፉ ላይ ቡና የሚያፈሉት ሐበሻ ሴት ስኒ ይዘው ገቡ። የልጁን አገር ያውቁታል። «አንተ ልጅ፣ ፀሐይ ላይ ያጨድከውን ጥላ ውስጥ ልትጨርሰው ነው?» አሉት። «እትዬ፣ ይቺን ብቻ ላሳልፍ» አላቸው ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል። ሴትዮዋ ወደ ሱዳናዊው ዞረው፣ ግማሹን በአረብኛ ግማሹን በአማርኛ፣ «አንተስ፣ ያንን ሁሉ ሸሽተህ መጥተህ ደግሞ እዚህ ትጋደላለህ?» አሉት። ልጁ ፈገግ አለ፤ ጆይስቲኩን ለመቀበል እጁን ዘረጋ።

የሴትዮዋ ጥያቄ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦር ሠራዊትና በፈጥኖ ደራሹ ኃይል መካከል ካርቱም ውስጥ የተነሳው ጦርነት ሕዝብ እያፈናቀለ ወደ ምሥራቅ ገፋ። በታኅሣሥ 2016 ዋድ መደኒ፣ በዚያው ዓመት ሰኔ መጨረሻ ሲንጃ በፈጥኖ ደራሹ ኃይል እጅ ሲወድቁ ገዳሪፍ የተፈናቃይ ማረፊያ ሆነች። ከዚያ ቀደም፣ ከጥቅምትና ኅዳር 2013 ጀምሮ፣ ከትግራይ ጦርነት የሸሹ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን በሐምዳየትና በሌሎች መሻገሪያዎች ገብተው በኡም ራኩባና በቱናይድባ ካምፖች ሰፍረዋል። በዚህ ምድር ያለ ወጣት የተኩስ ድምፅ ከሩቅ ይለያል። ታዲያ እረፍት ሲያገኝ ስለ ምን ወደ ሌላ ውጊያ ይገባል? ምንስ ያተርፋል፣ ምንስ ይከስራል?

እኔ የደረስኩበትን ከወዲሁ ልናገር። የአክሽን ጌም ጥንካሬና ድክመት ምንጫቸው አንድ ነው፤ የሰውን ትኩረት ሙሉ በሙሉ መውሰድ መቻሉ። የሚጠቅመውም የሚጎዳውም በዚሁ ነው። ስለዚህ ወላጅም፣ የቤቱ ባለቤትም፣ ሹሙም ስክሪኑ ላይ ያለውን ሰይፍና ጠመንጃ ብቻ ሲያዩ ዋናውን ነገር ይስቱታል።

ዕቃው እዚህ የደረሰበት መንገድ

ፕሌይስቴሽን 2 ጃፓን ውስጥ ለገበያ የቀረበው በመጋቢት 2000 እ.ኤ.አ. ነው። ሶኒ ማምረቱን ያቆመው በ2013 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ሲሆን እስከዚያ ከ155 ሚሊዮን በላይ ሸጧል፤ በሽያጭ የበለጠው ኮንሶል የለም። ሌላው ዓለም ወደ ፕሌይስቴሽን 4 እና 5 ተሻግሯል። ይህ አሮጌ ዕቃ ግን በእኛ አካባቢ ገና ጡረታ አልወጣም።

ምክንያቱን ለማግኘት ወደ ፖለቲካው መሄድ ያስፈልጋል። አሜሪካ በ1997 እ.ኤ.አ. በሱዳን ላይ የጣለችው የንግድ ማዕቀብ የተነሳው በጥቅምት 2017 እ.ኤ.አ. ነው። በእነዚያ 20 ዓመታት አንድ የሱዳን ወጣት በባንክ ካርድ ከውጭ ጌም ገዝቶ ማውረድ የማይታሰብ ነበር። ኮንሶሉ የሚመጣው ጅዳና ዱባይ በሚሠራ ዘመድ ሻንጣ ወይም በነጋዴ እጅ ነው፤ ከፖርት ሱዳን በከሰላ አድርጎ ገዳሪፍ የሚገባው አስፋልት የዚህ ንግድ ጀርባ አጥንት ነው። ጌሙ ደግሞ የሚመጣው ተገልብጦ ነው። ቺፕ የገባለት ማሽን ማንኛውንም የተቀዳ ሲዲ ያነባል፤ ኋላ ኋላ ሲዲውም ቀርቶ ጌሞቹ በፍላሽ መጫን ጀመሩ።

አሮጌው ኮንሶል ኢንተርኔት አይጠይቅም። በዚህ ድንበር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል ግጭቱ ሲቀሰቀስ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት አልተመለሰም። በጥር 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ የሱዳን አብዛኛው ክፍል ከስልክና ከኢንተርኔት ውጭ ሆነ። በኢትዮጵያ በኩል መተማ ዮሐንስ ያለውም በሱዳን በኩል ገላባት ያለውም ወጣት ስልኩ ባዶ ዕቃ በሆነበት ጊዜ ፕሌይስቴሽን 2 የሚፈልገው መብራት ብቻ ነበር። መብራቱም ቢሆን ድንበር የማያግደው ነው፤ ከጎንደር ተነስቶ በሸኸዲ በኩል ገዳሪፍ የሚገባው የ230 ኪሎ ቮልት መስመር ኢትዮጵያ ለሱዳን ኤሌክትሪክ የምትሸጥበት ነው።

አዲሶቹ ጌሞች የተሠሩት ለሌላ ሰው ነው። ኮል ኦፍ ዱቲ የሚባለው የተኩስ ጌም ከነማሻሻያው ከ100 ጊጋባይት በላይ ቦታ ሊይዝ ይችላል፤ አካውንት ይጠይቃል፤ ያልተቋረጠ መስመር ይፈልጋል። የፕሌይስቴሽን ኔትወርክ በኢትዮጵያም በሱዳንም በይፋ አገልግሎት አይሰጥም። በግንቦት 2024 እ.ኤ.አ. ሄልዳይቨርስ 2 በኮምፒውተር ለሚጫወቱትም የዚህ ኔትወርክ አካውንት ግድ ነው ተብሎ፣ ኔትወርኩ ከሌለባቸው ከ170 በላይ አገሮችና ግዛቶች ከሽያጭ እንዲወጣ ተደርጎ ነበር። ግዴታው በተጫዋቾች ተቃውሞ ቢነሳም፣ እንዲህ ያለ ውሳኔ ሲወሰን የመተማ ልጅ ማንም ትዝ እንደማይለው በግልጽ ታይቷል።

ትኩረት ሲሰበሰብ

አክሽን ጌም የሚባለው ፈጣን፣ ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ የሚንቀሳቀስበት፣ አደጋው ከየት እንደሚመጣ የማይታወቅበት ጌም ነው። ኮንሶሉ በሴኮንድ 30 ወይም 60 ምስል ይስላል። ተጫዋቹ ዋናውን ጠላት እያየ ዳር ዳሩን ይቃኛል፤ የቀረውን ጉልበት ይቆጥራል፤ መሸሻ ይፈልጋል፤ አሥሩም ጣቶቹ ሥራ ላይ ናቸው። ለውሳኔ ያለው ጊዜ ከአንድ ሴኮንድ ያነሰ ነው።

ይህ ልምምድ አእምሮ ላይ ምን ያደርጋል? ሾን ግሪንና ዳፍኔ ባቬሊየር በ2003 እ.ኤ.አ. ኔቸር መጽሔት ላይ ባወጡት ጥናት አክሽን ጌም የሚጫወቱ ሰዎች ከማይጫወቱት ይልቅ ብዙ ነገሮችን በአንድ ጊዜ መከታተልና በዕይታቸው ዳር ያለውን ፈጥኖ መለየት እንደሚችሉ አሳዩ። ቀድሞም ዓይነ ፈጣን የሆነው ሰው ነው ጌም የሚወድ ይባል ይሆናል። እነሱ ግን ተጫውተው የማያውቁ ሰዎችን መርጠው በቀን አንድ ሰዓት፣ ለአሥር ቀን፣ ሜዳል ኦፍ ኦነር አጫወቷቸው፤ ሌላውን ቡድን ቴትሪስ አጫወቱት። መሻሻሉ ጎልቶ የታየው በአክሽን ጌሙ ቡድን ነበር። በ2007 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኒው ዮርክ ውስጥ በ33 ሐኪሞች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ቀደም ሲል በሳምንት ከሦስት ሰዓት በላይ ጌም ይጫወቱ የነበሩት በካሜራ በሚታገዝ ቀዶ ሕክምና ልምምድ ላይ 37 በመቶ ያነሰ ስህተት ሠርተው 27 በመቶ ፈጥነው እንደጨረሱ መዝግቧል። ቁጥሮቹ ከጥቂት ሰዎች የተገኙ ናቸው፤ ጌም የተጫወተ ሁሉ ሐኪም ይሆናል ማለትም አይደለም። ዓይንና እጅ በልምምድ እንደሚሰሉ ግን ማስተባበል ይከብዳል።

ገዳሪፍ ላይ ከዚህ የሚበልጥ ጥቅም አለ፤ እሱም ማረፍ ነው። ክፉ ነገር ያየ ሰው የሚሠቃየው ያየው ነገር ሳይጠራው ተመልሶ ሲመጣበት ነው። ሥራ ላይ ይመጣል፣ ተኝቶም ይመጣል። እንግሊዝ ውስጥ ኤሚሊ ሆምዝና ባልደረቦቿ በዚህ ላይ ለዓመታት ሠርተዋል። በ2017 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናታቸው፣ የመኪና አደጋ ደርሶባቸው ኦክስፎርድ ድንገተኛ ክፍል ከገቡ 71 ሰዎች መካከል በስድስት ሰዓት ውስጥ አደጋውን አስታውሰው ቴትሪስ የተጫወቱት፣ በቀጣዩ ሳምንት የሚመላለስባቸው የአደጋው ምስል ካልተጫወቱት በ62 በመቶ ያህል ቀንሶ ተገኝቷል። ቴትሪስ ጡብ መደርደር እንጂ ውጊያ የለበትም፤ ሙከራውም በተመራማሪዎች ክትትል የተደረገ ነው። ስለዚህ ጎድ ኦፍ ዎር መድኃኒት ነው ብዬ አልጽፍም። ነገር ግን ዓይነ ልቡና በሌላ ምስል ሲያዝ ለክፉው ምስል የሚተርፈው ቦታ እንደሚጠብ ጥናቱ ይጠቁማል። የዋድ መደኒው ልጅ ስክሪኑ ላይ ሲያፈጥ ለአንድ ሰዓት የትም አይደለም፤ ያንን አንድ ሰዓት ደግሞ በገንዘቡ ከሌላ ቦታ መግዛት አይችልም።

ሌላም አለ። በእውነተኛው ጦርነት ሲቪል ሰው የሚወስነው ነገር ጥቂት ነው፤ ሂድ ሲሉት ይሄዳል፣ ቁም ሲሉት ይቆማል። ጌም ውስጥ ግን የሚሆነው ሁሉ በእጁ ነው። ቢሞት ስህተቱን ያውቃል፤ ተመልሶ ይሞክራል፤ በአሥረኛው ያልፋል። መሬቱ፣ ቤቱና ትምህርት ቤቱ ከእጁ ለወጣ ወጣት፣ ጥረቱ ውጤት የሚያመጣበት ቦታ ማግኘት ትንሽ ነገር አይደለም።

አብሮነቱም አለ። ገዳሪፍ ውስጥ ሐበሻና ሱዳናዊ ብዙ ጊዜ የሚገናኙት አሠሪና ሠራተኛ፣ ገዥና ሻጭ ሆነው ነው። ከታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ወዲህ በሁለቱ አገሮች ድንበር ባለው በአል ፋሽቃ መሬት ላይ የተባባሰው ውዝግብም በሁለቱ መካከል ቅሬታ ጥሏል። ያ አግዳሚ ወንበር ላይ ግን ሁለቱ እኩል ናቸው፤ ተራ ይጠብቃሉ፤ አንዱ ለሌላው ምልክቱን ይጮህለታል።

ጠመንጃን ከየት ተማረ?

ወላጅና የሃይማኖት አባት ጌም ላይ የሚያነሱት የመጀመሪያ ክስ «ልጁን ገዳይ ያደርገዋል» የሚል ነው። በአዲስ አበባና በክልል ከተሞች ጌም ቤቶች ከጫትና ከሺሻ ቤቶች ጋር ተደርበው ሲታሸጉ ከጀርባው ይህም ስጋት አለ። ስጋቱ ከፍቅር የመነጨ ስለሆነ ሊከበር ይገባል፤ መልሱም በጥንቃቄ ሊሰጥ ይገባል።

በ2019 እ.ኤ.አ. አንድሩ ፕርዚቢልስኪና ኔታ ዋይንስታይን ከ1,000 በላይ የ14 እና የ15 ዓመት የእንግሊዝ ልጆችን አጥንተው፣ ዓመፅ ያለበት ጌም በመጫወትና ተንከባካቢዎቻቸው በተናገሩት የጠበኝነት ባሕርይ መካከል ዝምድና አላገኙም። የአሜሪካ ሥነ ልቡና ማኅበር በ2020 ባሻሻለው መግለጫ እንዲህ ያለ ጌም እንደ መገፋፋትና መጮህ ካሉ አነስተኛ የጠበኝነት ምልክቶች ጋር ትንሽ ግንኙነት እንዳለው ተቀብሎ፣ ከባድ ወንጀልን ከጌም ጋር ማያያዝ ግን በቂ ሳይንሳዊ መሠረት እንደሌለው አስታውቋል።

ከጥናቱም በላይ ምድሪቱ ትመሰክራለች። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከማህዲስቶች ጋር ሲዋጉ የቆሰሉት መተማ ላይ ነው። ጣሊያንና እንግሊዝ በ1940 እ.ኤ.አ. ገላባትን ለመያዝና ለማስለቀቅ ተዋግተዋል። ዛሬም ሁለቱም ወገን የታጠቀ ሰው አያጣም። እዚህ ጦርነት የሚነሳው በመሬት፣ በሥልጣንና በድህነት ነው፤ የሚያነሱትም ጆይስቲክ ይዘው የማያውቁ ሰዎች ናቸው። ጥፋቱን ስክሪኑ ላይ ስናላክክ እውነተኛው ተጠያቂ ነፃ ይወጣል።

እውነተኛው ጉዳት

ይህን ማለት ጌሙ አይጎዳም ማለት አይደለም። አክሽን ጌም አንዴ የወሰደውን ትኩረት በቀላሉ አይመልስም፤ ለማቆም የሚያስቸግረውም በዚህ ምክንያት ነው። ሠሪዎቹ ክብደቱን የሚለኩት ተጫዋቹ ተስፋ ሳይቆርጥም ሳይሰለችም እንዲቆይ ነው። ጠላቱ ለጥቂት ይበልጠዋል፣ ቀጥሎ ለጥቂት ይሸነፍለታል፣ ሽልማት ይመጣል፣ አዲስ በር ይከፈታል። «ይቺን ብቻ ላሳልፍ» የሚለው ቃል የልጁ ድክመት ብቻ ሆኖ መታየት የለበትም፤ በታላቅ ሙያና ገንዘብ የተሠራ ዕቃ የሚያስብለው ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት የጌም ሱስን በበሽታዎች ዝርዝሩ 11ኛ እትም አካቶታል፤ እትሙ ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። መለኪያው ሦስት ነው፤ መቆጣጠር አለመቻል፣ ከሌላው ሁሉ ለጌሙ ቅድሚያ መስጠት፣ ጉዳት እየደረሰም መቀጠል። ይህ አብዛኛውን ጊዜ ለ12 ወራት ያህል የታየበት ሰው እርዳታ ያስፈልገዋል። ከሚጫወተው ሰው ብዙው እዚህ ደረጃ አይደርስም። ግን ሥራ የሌለው፣ ትምህርቱ የተቋረጠበት፣ ነገው የማይታወቅ ወጣት ከማንም በላይ የተጋለጠ ነው፤ ብዙ የድንበሩ ወጣት ደግሞ እነዚህ የኑሮ ችግሮች ሦስቱም አሉበት።

ገንዘቡ የሚያልቅበት መንገድ የራሱ መልክ አለው። አጫጁ ወራት በዋልካ መሬት ላይ ጎንበስ ብሎ የሠራበትን ሒሳብ የሚቀበለው ባንድ ጊዜ ነው። ጌም ቤት ክፍያው ትንሽ ስለሆነ ሲወጣ አይታወቅም። ሁለት ሰው የሚጋጠምበት ጌም ላይ ደግሞ «ተሸናፊ ይከፍላል» የሚል ደንብ ይመጣል። የተሸነፈው እልህ ይዞት ይደግማል፣ ተመልካቹ ጎን ይዞ ገንዘብ ያስይዛል፣ ጨዋታው ቁማር ይሆናል። ለናቱ ሊልከው የነበረው ብር ሳይሻገር የሚቀረው እንዲህ ነው። እኔ ከክሬቶስ ሰይፍ ይልቅ ይህን ደንብ እፈራለሁ።

አእምሮም ቢሆን የሚከፍለው አለ። በ2017 እ.ኤ.አ. ሞንትሪያል ላይ ግሬግ ዌስትና ባልደረቦቹ ሰዎችን ለ90 ሰዓት ጌም አጫውተው፣ ተኩስ ጌም በሚጫወቱበት ጊዜ በልማድ ብቻ በሚነዱት ሰዎች ላይ ለማስታወስና አቅጣጫ ለመለየት የሚያገለግለው ሂፖካምፐስ የተባለ የአንጎል ክፍል መቀነስ እንዳሳየ አገኙ። ቦታውን እያስተዋሉ በሚጫወቱት ላይ ግን ጭማሪ ታየ። ስለዚህ አንድ ሰው ምን ተጫወተ ከሚለው ጋር እንዴት ተጫወተ የሚለውም ይቆጠራል። አእምሮው ደንዝዞ ጣቱ ብቻ የሚሠራ ተጫዋች ያ ትኩረት የሚባለው ጥቅም ካለቀበት ቆይቷል።

አንድ ጉዳት ደግሞ ከተገለበጠው ሲዲ ጋር የሚመጣ ነው። አሜሪካ ከ1994፣ አውሮፓ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጌም ካርቶን ላይ የዕድሜ ምልክት አላቸው። ጎድ ኦፍ ዎር ለአዋቂ የተፈቀደ ነው፤ ግራንድ ቴፍት ኦቶም እንዲሁ። ጌሙ ወደ ፍላሽ ሲገለበጥ ካርቶኑ ይቀራል፤ ምልክቱም አብሮ ይቀራል። ገዳሪፍ ወይም ሸኸዲ ሲደርስ የቀረው በእንግሊዝኛ የተጻፈ ስም ብቻ ነው። ባለቤቱ ራሱ ውስጡ ያለውን ሳያውቀው የአሥር ዓመት ልጅ ከአዋቂ እኩል ተቀምጦ ራቁት ገላና የተቆረጠ አንገት ያያል።

ኢላማው የሚመስለው እኛን ነው

ጥቂት ሰው የሚያነሳው ድክመት ይቀራል፤ እነዚህ ጌሞች አፍሪካን የሚያሳዩበት መንገድ። በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣው ሬዚደንት ኢቭል 5 ነጭ አሜሪካዊ ተዋጊን በአንድ የአፍሪካ መንደር አስገብቶ በበሽታ የተለከፉ ጥቁሮችን ያስገድለዋል፤ ገና ማስታወቂያው ሲታይ ተቃውሞ ተነስቶበታል። ፋር ክራይ 2 ስም በሌለው የአፍሪካ አገር የእርስ በርስ ጦርነት ውስጥ ቅጥረኛ ያደርግሃል፤ ነዋሪው ሕዝብ ግን የለም ማለት ይቻላል። ኮል ኦፍ ዱቲ ብላክ ኦፕስ 2 የአንጎላውን አማፂ መሪ ዮናስ ሳቪምቢን ጦር ሜዳ ላይ አውጥቶታል፤ ልጆቹ የአባታችን ስም ጎደፈ ብለው በ2016 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ውስጥ ክስ ቢመሠርቱም አልሰመረላቸውም።

ከኡም ራኩባ የመጣ ልጅ እነዚህን ሲጫወት በጌሙ ዓይን ራሱን የሚያየው ከአፈሙዙ ፊት ነው። የእሱን አገር የሚመስለው መንደር መተላለፊያ ሆኖ ይቀራል። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጌሞች ኖርማንዲን ደጋግመው ያስወርሩታል። ብርጋዴር ዊልያም ስሊም የሚመራው የእንግሊዝና የሕንድ ጦር በኅዳር 6 ቀን 1940 እ.ኤ.አ. ገላባት ላይ ጣሊያንን ሲያጠቃ የተደረገው ውጊያ ግን እዚህ ያለ ልጅ እጅ አልገባም፤ ልጁ የሚጫወተው ከዚያው ምሽግ በቅርብ ርቀት ሆኖ እያለ።

ቋንቋውም እንዲሁ ነው። በጥቅምት 2023 እ.ኤ.አ. የወጣው አሳሲንስ ክሪድ ሚራዥ ባግዳድን አሳይቶ ሙሉ በሙሉ በአረብኛ መጫወት ያስችላል፤ በዚህ አሮጌ ኮንሶል ባይሠራም ሱዳናዊው ልጅ ቢያንስ ቋንቋው ተሰምቶለታል። አማርኛ በትልልቅ ጌሞች ውስጥ የሚሰማው በጣም አልፎ አልፎ ነው። ሲቪላይዜሽን 6 በ2020 ዳግማዊ ምኒልክን ሲያስገባ አማርኛ አናግሯቸዋል፤ እሱ ግን የስልት ጌም ነው። በአክሽን ጌሙ የጎንደሩ ልጅ የሚከተለው ታሪኩን አይደለም፤ ምልክቶቹን ነው። ክሬቶስ ለምን እንደሚዋጋ፣ በሠራው ግፍ ምን ያህል እንደሚጸጸት አይገባውም። ታሪኩ ሲጎድል የቀረው ደሙ ነው፤ ጌሙ ከተሠራበት በላይ ጨካኝ ሆኖ እኛ ዘንድ ይደርሳል።

በሌላ መንገድ መሥራት እንደሚቻል ግን ታይቷል፤ ያውም ከዚህ አካባቢ ታሪክ ተነስቶ። በ2006 እ.ኤ.አ. በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የተሠራው ዳርፉር ኢዝ ዳይንግ ተጫዋቹን የካምፕ ነዋሪ ያደርገዋል፤ ውኃ ለመቅዳት ወጥቶ ከታጣቂዎች እየተደበቀ ይሮጣል። ሉዋል ማየን ቤተሰቡ የሱዳንን ጦርነት ሲሸሽ የተወለደ፣ ሰሜን ኡጋንዳ በስደተኞች ካምፕ ያደገ ልጅ ነው። እናቱ ለሦስት ዓመት ያጠራቀመችውን 300 ዶላር ላፕቶፕ ገዛችለት። ሳላም የሚባለውን ጌም ሠራ፤ ሳላም ውስጥ ሸሽቶ፣ ውኃና መድኃኒት አግኝቶ መትረፍ ነው ድሉ። በ2018 እ.ኤ.አ. በጌም ሽልማት መድረክ ላይ ተከብሯል። ሩጫው፣ ድንጋጤው፣ ፈጣን ውሳኔው ሁሉ በጌሙ ውስጥ አለ፤ የተቀየረው ተጫዋቹ የማን ወገን እንደሆነ ነው። አዲስ አበባ ላይ ቀኔ ጌምስ ከመታረድ የምትሸሽ ዶሮ ይዞ የሠራው ኩኩሉም በስልክ የሚጫወቱት ቢሆንም፣ ጨዋታ ከእኛ ጓሮ ሊነሳ እንደሚችል አሳይቷል።

ጌም ትኩረት መያዙ ለቁም ነገር እንደሚውል ሱዳን ራሷ ተሞክሮ አላት። ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዋር ቻይልድ የተባለው የእርዳታ ድርጅት ከአገሪቱ ትምህርት ሚኒስቴርና ከአህፋድ የሴቶች ዩኒቨርሲቲ ጋር ትምህርት ቤት በሌለባቸው መንደሮች ልጆችን በታብሌት ጌም ሒሳብ አስተምሯል። ልጁን ስክሪን ላይ የሚያስቀምጠው ጉልበት ያው ነው፤ ልዩነቱ ሲነሳ ይዞት የሚሄደው ነገር ነው።

ምን ይደረግ?

ጌም ቤቱን ማሸግ ቀላል ነው። ታሽጎ ግን ልጁ የት ይሄዳል? ገዳሪፍም ሆነ መተማ ላይ ቤተ መጻሕፍት፣ ጥላ ያለው የስፖርት ሜዳ፣ የወጣት ማዕከል በየሰፈሩ የለም። ከመጋረጃው ጀርባ የወጣ ልጅ የሚጠብቀው ድንበር አሻጋሪ ደላላ፣ ወይም እውነተኛውን ጠመንጃ የሚያስታጥቅ መልማይ ሊሆን ይችላል። በዚህ ድንበር ላይ በአግዳሚ ወንበር ያለፈ ከሰዓት በኋላ ከብዙ ነገር ይሻላል።

ስለዚህ ሥራው መዝጋት ሳይሆን ማረቅ ነው። ባለቤቱ ሦስት ነገር ቢያደርግ ብዙ ይለወጣል። ክፍያን በሰዓት አድርጎ «ተሸናፊ ይከፍላል»ን ከቤቱ ያውጣ፤ ቁማሩ በዚያው ይደርቃል። የጌሞቹን ስም ለአዋቂና ለልጅ ለይቶ በአማርኛና በአረብኛ ግድግዳው ላይ ይለጥፍ፤ ከካርቶኑ ጋር የቀረው ምልክት ይመለሳል። በትምህርት ሰዓት ተማሪ አያስገባ። እነዚህ ገንዘብ አያስወጡም፤ የደንበኛ አመኔታ ያስገኛሉ።

ወላጅ፣ ታላቅ ወንድም፣ የካምፕ አስተማሪ ደግሞ አንድ ጊዜ ከልጁ ጎን ይቀመጥ። «ይሄ ሰውዬ ለምን ይዋጋል? ሌላ መንገድ አልነበረውም? ይሄ መንደር የማነው?» ብሎ ይጠይቀው። ጥያቄው ልጁን ከጣቱ ወደ አእምሮው ይመልሰዋል። ሰዓቱንም ከልጁ ጋር አስቀድሞ ይስማማ፤ መሐል ላይ ገመዱን መንቀል እልህ እንጂ ልቡና አይገዛም።

የቀረው የእኛ የጸሐፊዎች፣ የሠዓሊዎች፣ የኮምፒውተር ባለሙያዎች ድርሻ ነው። ገላባትና መተማ፣ አትባራና ተከዜ፣ የሰሊጥ ማሳውና ካምፑ ዓለም ያላየው ታሪክ ሞልቶባቸዋል። የሚያስሮጥ፣ የሚያስደነግጥ፣ ልብ የሚያንጠለጥል ጌም ከዚህ ይወጣል፤ ተጫዋቹም ጀግናው ራሱን የሚመስልበት፣ ድሉ ሰውን በሕይወት ማሻገር የሆነበት ጌም ያገኛል። ወጣቶቻችን ትኩረታቸውን ሳይሰስቱ እየሰጡ ነው። በዓለም ላይ ካለ ሀብት ሁሉ የሚፈለገው ይኸው ነው፤ ትልልቅ ኩባንያዎች ቢሊዮኖች የሚያፈሱት ለእሱ ነው። እኛ ግን በነፃ አስረክበነው፣ በምላሹ ምን እንደሚሰጡን እንኳ አልጠየቅንም። መጠየቅ ያለብን ዛሬ ነው፤ መልሱን መሥራት የሚችሉት ደግሞ እነዚያው ልጆች ናቸው፤ መብራት፣ ኮምፒውተርና የሚያስተምራቸው ሰው ካገኙ።